ቃል ኪዳን ልገባ ሁለት ወር ቀርቶኛል፤ መጋዘናችን ውስጥ ግን 40 ኩንታል ጤፍ አለ

ባለ ወፍጮዋ (አዲስ አበባ)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በዓለም እየኖሩ የአሲሲውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስን መንገድ ለሚከተሉ ምእመናን የሚሰጠውን ሕንጸት (የዝግጅት ትምህርት) ከጀመርኩ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። የማኅበራችን ምክር ቤት ከፈቀደ በሐምሌ ወር የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳኔን እገባለሁ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ከባለቤቴ ጋር አንድ ወፍጮ ቤትና ከጎኑ ያለ የእህል መሸጫ እናስተዳድራለን።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ከነገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ «ልትመነኩሺ ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ አማቴማ «ልጆቹን ለማን ትተሽ?» ብለው አልቅሰዋል። አልመነኩስም። ቀሚስና ቆብ የለንም፤ ያለችን በአንገታችን የምናስራት የ«ታው» ፊደል ቅርጽ ያላት ትንሽ የእንጨት መስቀል ናት። የድንግልና፣ የድኽነትና የመታዘዝ ስእለትም አንሳልም። የምንገባው ቃል የጥምቀታችንን ቃል አድሰን፣ ባለንበት ቤትና ባለንበት ሥራ፣ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በኖረበት መልክ ወንጌልን ለመኖር ነው። ዛሬ የምንተዳደርበትን ሕግ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1978 ያጸደቁት ሲሆን 26 አንቀጾች ብቻ አሉት። በአንድ ምሽት ተነብቦ ያልቃል፤ እኔ ግን አንቀጽ 11 ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ።

አንቀጹ የሚለው፣ ክርስቶስ ፍጥረትን ሁሉ በፍቅር እየተመለከተ ለራሱና ለእናቱ ድኻና ትሑት ኑሮ እንደ መረጠ፣ እኛም የሚያስፈልገንን ነገር እያቀለልን፣ በእጃችን ያለው ሀብት ለእግዚአብሔር ልጆች ጥቅም በዐደራ የተሰጠን መሆኑን እንድናስብ ነው። ሕንጸቱን የሚሰጡን እናት ይህን ሲያነቡልን፣ እኔ ስለ ጌጥና ስለ ልብስ የተነገረ መስሎኝ በቀላሉ አልፌው ነበር። ጌጥ እምብዛም የለኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በጥር ወር፣ አዝመራው ተወቅቶ ዋጋው ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ ባለቤቴ ከአድአ ገበሬዎች 40 ኩንታል ማኛ ጤፍ ገዝቶ መጋዘን አስገብቷል። ሐሳቡ እንደ ወትሮው ነሐሴ አጋማሽ ላይ አውጥቶ ለዘመን መለወጫ መሸጥ ነው። ይህን ስናደርግ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመታችን ነው፤ የልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፈነው ከዚሁ ትርፍ ነው። ሚዛናችን ትክክል ነው፤ ሰርገኛውን ከነጩ ደባልቀን «ማኛ ነው» ብለን ሸጠን አናውቅም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ኅሊናዬ ተወቅሶ አያውቅም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንዲት እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች የምታቀርብ ደንበኛችን መጣች። ድሮ በሳምንት 25 ኪሎ ነበር የምትወስደው። ያን ዕለት 8 ኪሎ እንድመዝንላት ጠየቀችኝ፤ ከዚያም ብሮቹን አንድ በአንድ በሚዛኑ ሳህን ላይ ዘርግታ ከቆጠረች በኋላ «5 ይሁንልኝ፤ የቀረውን በማሽላ ሙዪልኝ» አለችኝ። ዱቄት የነካው ነጠላዋን አራግፋ እስክትወጣ ድረስ ከኋላዬ ያለውን የመጋዘን በር ዞሬ ማየት አልቻልኩም። ማታ ጸሎተ ሠርክ ስጸልይ እመቤታችን የተራቡትን በበጎ ነገር እንዳጠገበ፣ ባለ ጠጎችንም ባዶአቸውን እንደ ሰደደ ስለ ጌታ የዘመረችው ጋ ስደርስ ድምፄ ተቋረጠ። ይህን መዝሙር በየምሽቱ እንድጸልየው ያስተማረኝ ይኸው ሕንጸት ነው።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ጤፉን እስከ ነሐሴ ማቆየት ከምገባው ቃል ጋር ይጣላልን? ባለቤቴ የማኅበሩ አባል አይደለምና የእኔ ቃል እርሱን ያስገድደዋልን? ነገሩ ካልተፈታስ ቃል ኪዳኑን ባዘገየው ይሻላልን?

ነጋዴው (መርካቶ)

እኅታችን፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። በጥር የተሰበሰበው እህል ሁሉ በጥርና በየካቲት ተሽጦ ቢያልቅ፣ በነሐሴ ይህች ከተማ ምን ትበላለች? አንድ ሰው ገዝቶ፣ ኪራይ ከፍሎ፣ ገንዘቡን ስምንት ወር አስሮ፣ ከዝናብና ከአይጥ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ጤፍን ነቀዝ የማይደፍረው መሆኑ ሥራውን ያቀለው እንደሆነ እንጂ ኪራዩን አያስቀርም። ደግሞም ባለቤትዎ በጥር ባይገዙ ኖሮ ገበሬው ለማዳበሪያ የተበደረውን ዕዳ የሚከፍልበት አያገኝም ነበር። እኔም ካቶሊክ ነኝ፤ በየሳምንቱ አስቀድሳለሁ። የነጋዴ ሥራ ከመሠረቱ ኃጢአት እንደሆነ ሲነገር ግን ልቤ ያዝናል፤ ምክንያቱም እኛ ነጋዴዎች ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሁልጊዜ በጥርጣሬ የምንታይ ሆነን እንቀራለን።

ነዋሪ በቶስካና (ኢጣሊያ)

ወንድሜ ነጋዴው ያነሡት ነጥብ ክብደት አለው። ነገር ግን ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ከዚህ ማኅበር ውጪ የመጣ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይረዳል፤ ማኅበሩ ራሱ ከእህል ጎተራ አጠገብ የተወለደ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

የምኖረው ከሲየና ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። በአቅራቢያችን ፖጂቦንሲ የምትባል ከተማ አለች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዚያች ከተማ ሉኬሲዮ የሚባል ነጋዴና ቡኦናዶና የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። ሉኬሲዮ እህል በርካሽ ገዝቶ፣ አከማችቶ፣ ዋጋው ሲወደድ በመሸጥ የበለጸገ ሰው ነበር። ልክ እንደ እናንተ ማለት ነው። ከዚያ ልቡ ተመለሰ፤ ንብረቱን ለድኾች አከፋፍሎ፣ ለራሱ የሚያርሳት አነስተኛ መሬት ብቻ አስቀረ፤ ቤቱንም ለሕሙማንና ለመንገደኞች ከፈተ። በፍራንቸስካውያን ትውፊት እነዚህ ባልና ሚስት የሦስተኛው ሥርዓት (በዓለም የሚኖሩ ምእመናን ክፍል) የመጀመሪያ አባላት ተደርገው ይታሰባሉ።

ለእኅታችን ይበልጥ የሚጠቅማት ግን የሚስቱ ታሪክ ይመስለኛል። እንደሚተረከው ቡኦናዶና መጀመሪያ ላይ በባልዋ ሥራ አልተስማማችም፤ ቤታችንን አራቆትኸው እያለች ትወቅሰው ነበር። አንድ ቀን ለድኾች የሚሰጥ እንጀራ እንድታመጣለት ሲጠይቃት አንዳችም እንዳልቀረ እያወቀች በንዴት ወደ ማስቀመጫው ሄደች፤ ስትከፍተው ግን ሞልቶ አገኘችው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከእርሱ ጋር አንድ ሆነች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1260 በአንድ ቀን እንዳረፉም ይተረካል። በእናንተ ቤት ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ መጀመሪያ ልቧ የተነካው ሚስት ናት። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጉዳይ በትዳር ውስጥ ጊዜ እንደሚፈልግ ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

አባ ዘካፑቺን

ልጄ፣ ጥያቄሽን በጥሞና አነበብኩት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሕንጸት የተባለው ነገር የሚጀምረው አንድ አንቀጽ እንዲህ ሲያስቆም ነው። በሦስቱም ጥያቄዎች ላይ ያለኝን ልጻፍልሽ።

ስለ መጀመሪያው፣ ወንድማችን ነጋዴው እውነት ተናግረዋል። ከአዝመራ እስከ ክረምት እህልን ጠብቆ ማቆየት አገልግሎት ነው፤ ለዚህ ድካም ተገቢውን ትርፍ ማግኘትም ነውር የለበትም። ዮሴፍም በግብፅ እህል አከማችቷል። ነገር ግን ዮሴፍ ያከማቸው ለረሃብ ቀን ነው፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የምናገኘው ባለ ጠጋ ደግሞ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበው ለነፍሱ «ዕረፊ፣ ብዪ፣ ጠጪ» ሊላት ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በዚሁ ምዕራፍ ላይ በሰጠው ስብከት ባለ ጠጋውን የወቀሰው ጎተራ ስለ ሠራ ሳይሆን፣ የተራቡት ሰዎች ሆድ ከሁሉ የተሻለ ጎተራ መሆኑን ስላላየ ነው። እንግዲህ አርባው ኩንታል የዮሴፍ ነው ወይስ የዚያ ባለ ጠጋ? ይህ የሚታወቀው በኩንታሉ ብዛት አይደለም። መጋዘኑ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነው የዋጋው ከፍታ ብቻ ነው ወይስ የሰውም ችግር ይወስነዋል? ያቺ እንጀራ ጋጋሪ መጥታ በሄደችበት ሰዓት በሩ ሊከፈት ይችል ነበርን? ይህን አንቺና ባለቤትሽ በእግዚአብሔር ፊት ብትመረምሩት ይሻላል፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ ልፈርድ አልችልም።

ስለ ሁለተኛው፣ የአንቺ ቃል ባለቤትሽን አያስገድደውም። የሚያስገድደው አንቺን ነው፤ ከሚያስገድድሽም ነገር አንዱ ትዳርሽ ነው። ሕጉ በአንቀጽ 17 የፍራንቸስኮስ የሰላም፣ የታማኝነትና ሕይወትን የማክበር መንፈስ በቅድሚያ በቤተሰብ ውስጥ እንዲኖር ያዛል። በጸሎትሽ ያገኘሽውን ብርሃን ባልሽን የምትመቺበት በትር ካደረግሽው፣ አንቀጽ 11ን ለመጠበቅ አንቀጽ 17ን ታፈርሻለሽ። ከጥንት ጀምሮም ቤተ ክርስቲያን ይህን አደጋ ታውቀዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1221 የዚህ ማኅበር ቀዳሚዎች ለሆኑት በዓለም ለሚኖሩ ንስሐ ገቢዎች የተጻፈው የመጀመሪያው ደንብ ያገባች ሴት ያለ ባልዋ ፈቃድ እንዳትገባ ይከለክል ነበር። የዛሬው ሕግ ይህን ባይጠይቅም፣ ሚስት ከባልዋ ተሰውራ የምትቀደስበት መንገድ እንደሌለ ግን አሁንም ያው ነው።

ስለ ሦስተኛው፣ ይህን ለእኔ ብቻ ወይም ለነፍስ አባትሽ ብቻ አትንገሪ፤ ለማኅበሩ አገልጋይ (ለመሪው) እና ለምክር ቤቱ ንገሪ። ቃል ኪዳንሽን በቤተ ክርስቲያንና በማኅበሩ ስም የሚቀበለው አባላቱ ለሦስት ዓመት የመረጡት የማኅበሩ አገልጋይ ነው እንጂ እኛ ካህናቱ አይደለንም። እኛ መንፈሳዊ ረዳቶች ነን። በአገራችን ማንኛውም መንፈሳዊ ጉዳይ ወደ ካህኑ ብቻ ይወሰዳል፤ ይህ ልማድ በጎ ጎን ቢኖረውም፣ ምእመናን እርስ በርስ የመመካከር ጸጋቸውን ሳይጠቀሙበት እንዲቀር ያደርጋል። ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነግዳ ያደረች እናት ካለች፣ እርሷ ከእኔ በተሻለ ትመክርሻለች።

ነርስ (ቨርጂንያ)

ከርእሱ ሳልወጣ አንድ ነገር ለመጨመር ይፈቀድልኝ። እዚህ አሜሪካ በሚገኝ አንድ የፍራንቸስካውያን ማኅበር ውስጥ ቃሌን ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የማድረው በሌሊት ተረኝነት ነው። በሕንጸት ጊዜ ፈተና የሆነብኝ ጸሎተ ሰዓታት ነበር፤ ከተረኝነት ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ የጠዋቱን ጸሎት ስጀምር መጽሐፉ ከእጄ ይወድቅ ነበር። ማኅበሩን ልተወው ወሰንኩ። ሕንጸት የሚሰጡን ሴት ግን ሕጉ የቤተ ክርስቲያንን ጸሎት ከተፈቀዱት ቅርጾች በአንዱ እንድንጸልይ እንጂ የመነኮሳትን ሰዓት እንድንገለብጥ እንደማይጠይቅ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ጸሎቱን ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት አደረግሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ አንዲት የመዝሙር ቁጥር ይዤ በየክፍሉ እዞራለሁ።

ይህን ያነሣሁት ለእኅታችን ጥያቄ ይጠቅማል ብዬ ነው። አብዛኞቻችን ወደዚህ ሕይወት ስንመጣ በዕለቱ ላይ የሚጨመር ነገር እንፈልጋለን፤ አንድ ተጨማሪ ጸሎት፣ አንድ ተጨማሪ ጾም። ተጨማሪውን ለማድረግ አቅም ስናጣ የተጠራን አይመስለንም። እርሷ ግን በቀጥታ ወደ መጋዘኑ በር ሄደች። እኔ በሥራዬ ላይ ያለውን የራሴን የመጋዘን በር ለማየት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፦ ደወል ደጋግማ የምትደውል አንዲት ሕመምተኛ ነበረችኝ፤ ሁልጊዜ ወደ እርሷ ክፍል የምገባው በመጨረሻ ነበር።

ሌላው፣ ስያሜያችን ያስቸግረኛል። በላቲኑ ቃል «ዓለማዊ» ማለት በገዳም ሳይሆን በዓለም መካከል የሚኖር ማለት ነው፤ በአማርኛ «ዓለማዊ» ሲባል ግን ሰሚው የሚረዳው ሥጋዊና ግድየለሽ ሰው ነው። ለእናቴ በስልክ «ዓለማዊት ፍራንቸስካዊት ሆንኩ» ብላት በጣም ደነገጠች። «በዓለም የሚኖሩ ፍራንቸስካውያን» የሚለውን ብንይዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

የማኅበር ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ጥያቄዬ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ከልብ ግን ነው። እኛ በየወሩ በቅዱስ ሚካኤል ስም ማኅበር እንጠጣለን፤ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ተላልፎ፣ ለድኻ ተርፎ እንለያያለን። የታመመ እንጠይቃለን፤ ዕድርም አለን። ይህ እያለን ከውጭ የመጣ ማኅበር መጨመር ለምን አስፈለገ?

ዐሥራ አንድ ዓመት በማኅበሩ (ሐዋሳ)

ወንድሜ የማኅበር ልጅ፣ ያነሡት ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ እኔም ከመግባቴ በፊት ጠይቄዋለሁ። አባ የጠቀሱትን የ1221 ደንብ ቢያዩት የሚያውቁትን ዕድር ያገኙበታል። አባላቱ በየወሩ እየተሰበሰቡ አንዳንድ ዲናር ለገንዘብ ያዡ ይሰጡ ነበር፤ ገንዘቡም ለድኾችና ለታመሙ አባላት እንዲሁም መቀበሪያ ለሌላቸው ይውል ነበር። አባል ሲሞት ሌሎቹ በቀብሩ ላይ የመገኘት ግዴታ ነበረባቸው። ስለዚህ እነዚያ የኢጣሊያ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ወደ እኛ ቀበሌ ቢመጡ ግር የሚላቸው ብዙ ነገር አይኖርም።

ልዩነቱን እኔ የማየው እንዲህ ነው። የሚካኤል ማኅበራችን በወር አንድ ቀን ያገናኘናል፤ በጎ ቀን ነው፤ እኔም አልተውኩትም። ይህኛው ግን የቀሩትን 29 ቀኖች ይጠይቃል። ደንቡ የሚገባ ሰው በቅድሚያ ያለ አግባብ የወሰደውን እንዲመልስ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዲታረቅና ዕዳውን እንዲከፍል ያስገድድ ነበር። መሣሪያ መሸከምንና በዘፈቀደ መማልንም ከልክሏል። ይህ የመጨረሻው በዚያ ዘመን ትልቅ መዘዝ ነበረው፤ የከተማ ገዢዎች ሰውን ለጦርነት የሚያዘምቱት በመሐላ አስረው ነበርና። ፋኤንዛ በምትባለው ከተማ የነበሩ ንስሐ ገቢዎች አንማልም፣ አንዘምትም ብለው ሲቸገሩ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖሪዮስ 3ኛ በታኅሣሥ 1221 ለሪሚኒው ጳጳስ ደብዳቤ ጽፈው እንዲጠብቋቸው አዝዘዋል። ሸማኔውና ባለ ሱቁ በቤታቸው ሆነው የገቡት ቃል የአንድ ከተማን ጦር አነጋገረ ማለት ነው።

እኛ ዛሬ የምንዘምትበት ሜዳ ብዙ ጊዜ የቡና ረከቦት ዙሪያ ነው። በቤቴ ቡና ሲጠጣ አንዲት የምወዳት ጎረቤቴ ስለ አንድ ብሔር ሰዎች ክፉ ቃል ተናገረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ ስኒውን እሞላ ነበር። ያን ዕለት ጀበናውን መልሼ ማቶቱ ላይ አስቀመጥኩና «በዚህ ቤት ይህ አይነገር፤ የእኔም ቃል አለብኝ» አልኩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳይጠጣ ተበተንን። ለአምስት ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጇ ሲታመም መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው። አንቀጽ 19 ሰላምን ተሸካሚዎች እንድንሆን የሚጠይቀንን እኔ በዚያች ቀን ነው የተረዳሁት።

ጠበቃ (አዳማ)

የዚያው ደንብ አንድ አንቀጽ ለሙያዬ ቅርብ ስለሆነ ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ1221 ቃል የገቡ አባላት በሕግ የሚችሉ ከሆነ በሦስት ወር ውስጥ ኑዛዜያቸውን እንዲጽፉና ስለ ንብረታቸው እንዲወስኑ ታዘው ነበር፤ ማንም ኑዛዜ ሳይተው እንዳይሞት ማለት ነው። ስለ ንስሐ የተጻፈ ደንብ ስለ ውርስ መናገሩ መጀመሪያ አስገርሞኝ ነበር። በፍርድ ቤት የማያቸውን ወንድማማቾች ሳስታውስ ግን ደንቡን የጻፉት ሰዎች ምን ያህል ኑሮን እንደሚያውቁ ገባኝ። አባታቸው በጸሎቱ የተመሰገነ ሰው ሆኖ፣ አንድ ወረቀት ሳይጽፍ በማረፉ ብቻ ልጆቹ በአርባው ሳይቀር አብረው መቆም የተሳናቸው ቤተሰቦች አሉ። የዛሬው ሕግ ኑዛዜን በግልጽ ባያዝም፣ እኔ ቃሌን በገባሁ በሁለተኛው ወር በአራት ምስክሮች ፊት ጽፌ አስቀምጫለሁ። እኅታችንም ወፍጮ ቤቱና መጋዘኑ የጋራ ሀብት በመሆኑ፣ ከባለቤትዎ ጋር ስለ ጤፉ ስትነጋገሩ ይህንንም ብታነሡት መልካም ነው እላለሁ።

ዘቀርሜሎስ (ሚላኖ)

እኔ ከቀርሜሎሳውያን፣ ማለትም ከሌላ የካቶሊክ መንፈሳዊ ሥርዓት፣ ምእመናን ወገን ነኝ። አንዳንድ ወጣቶች በውስጥ መስመር «የትኛውን ልምረጥ?» ብለው ስለ ጠየቁኝ በአጭሩ ላስፍር። የዶሚኒካውያን፣ የቀርሜሎሳውያን፣ የፍራንቸስካውያን ምእመናን ሁሉም በቤታቸው ይኖራሉ፤ የሲየናዋ ቅድስት ካታሪናም የዶሚኒካውያንን ልብስ ለብሳ በወላጆቿ ቤት ነበር የኖረችው። የቅዱስ ቤኔዲክቶስን መንገድ የሚከተሉ ምእመናን ደግሞ ከአንድ የታወቀ ገዳም ጋር ይተሳሰራሉ። እንደ ልብስ ሁሉንም መደረብ ግን አይቻልም፤ የፍራንቸስካውያኑ ቃል በሌላ ሥርዓት ውስጥ ካለ የዘላለም ቃል ጋር አብሮ አይሄድም። እኔ የመረጥኩት ዝምታን ስለምሻ ነው። እኅታችን በጻፈችው ውስጥ ግን የቆመችበት ቦታ የራሷ እንደሆነ ይታየኛል፤ የቀርሜሎስ ልጅ ብትሆን ኖሮ ምናልባት ያቺን ሴት በጸሎቷ ታስባት ነበር፤ እርሷ ግን ስለ ኪሎው ተጨነቀች።

ነጋዴው (መርካቶ)

አባን ስለ ማብራሪያቸው አመሰግናለሁ። የእኔን መጋዘን የሚከፍተው እስከ ዛሬ ዋጋ ብቻ እንደነበረ ይህን ካነበብኩ በኋላ ራሴን ጠይቄ አምኛለሁ። አሁንም ትርፍ ኃጢአት ነው አልልም። ነገር ግን «ያቺ ሴት በመጣችበት ሰዓት በሩ ሊከፈት ይችል ነበርን?» የሚለው ጥያቄ ከሦስት ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለእኅታችን የሙያ ምክር ልስጥ፦ ጤፉን በአንድ ጊዜ አታውጡት፤ በአንድ ጊዜ ካወጣችሁት ሌላ አከማቺ ገዝቶ እንደገና ይዘጋበታል፤ በጎ ሥራችሁም የእርሱ ትርፍ ይሆናል። በኩንታል ለሚገዛ አትሽጡ፤ በኪሎ ለሚበላውና ለሚጋግረው ብቻ ሽጡ።

ባለ ወፍጮዋ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሳችሁን በሙሉ አንብቤ፣ አባ እንደ መከሩኝ ለማኅበራችን አገልጋይ ሄጄ ነገርኩ። በምክር ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቅቤና በርበሬ የነገዱ እናት አሉ፤ ቤታቸው ጠርተውኝ ግማሽ ቀን አነጋገሩኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጤፉ አልነበረም፤ ባለቤቴ በዚህ ዓመት ከማን ምን ያህል ተበድሮ እንደ ገዛው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሂሳብ ደብተሩን አብሬው ተቀምጬ አይቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ስለ እርሱ ትርፍ ስጨነቅ ስለ እርሱ ጭንቀት ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

በዚያው ሳምንት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ደብተሩን አብረን ከፈትን። ከ40ው ኩንታል የ14ቱ ገንዘብ የብድር ነው፤ መመለሻውም መስከረም ላይ ነው። ይህን ውይይት ከስልኬ አነበብኩለት። የነጋዴውን የመጀመሪያ መልስ ሳነብለት «ይኸው፣ የሚያውቅ ሰው ተናገረ» አለ፤ የመጨረሻውን ሳነብለት ግን ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ስለ ሉኬሲዮም ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ሁሉንም አከፋፍሎ መሬት ማረስ እንደማይሆንለት በግልጽ ነግሮኛል፤ እኔም እንዲያደርገው አልጠየቅሁትም።

እስካሁን የተስማማነው በ20 ኩንታሉ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በየሳምንቱ እየተከፈተ፣ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ወጪያችንን ሸፍኖ መጠነኛ ትርፍ በሚተው ዋጋ፣ በኪሎ ብቻ ይሸጣል። ለጋጋሪዎች የዱቤ ደብተር እንከፍታለን፤ ይህን ያለው እርሱ ነው። በቀሪው 20 ኩንታል ላይ አልተስማማንም። እርሱ ብድሩና የልጆቹ ክፍያ አለብን ይላል፤ ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ነሐሴ ላይ ዋጋው የደረሰበት ደርሶ እያየን ምን እንደምናደርግ ከአሁኑ ብንወስን እላለሁ። ኑዛዜውን ግን ያለ ክርክር ተቀብሎታል፤ ለጠበቃው ምስጋናዬን አድርሱልኝ ብሏል።

ምክር ቤቱ የሐምሌውን ቀን አልሰረዘውም፤ እኔ ራሴ እስከ መስከረም 24 እንዲቆይልኝ ጠየቅሁ። ባለቤቴ ቃል ስገባ ከአጠገቤ ሊቆም ፈቅዷል፤ ብድሩም በዚያን ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ኩንታል ፈታነው። ያቺ ደንበኛችን ከሰዓት በኋላ መጣች፤ እንደ ለመደችው ብሯን ከመቀነቷ ፈትታ በሚዛኑ ሳህን ላይ መዘርጋት ጀመረች። ባለቤቴ ከወፍጮው ጠርቶኝ እስክደርስ ብሩን ከሳህኑ ላይ አንሥቶ በእጇ መለሰላትና 20 ኪሎ መዝኖ፣ ያነሰውን በአዲሱ ደብተር ላይ በስሟ ጻፈ። ስሟን ጠይቆ ነው የጻፈው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስሟን አናውቀውም ነበር።